ቤት ስንገዛ የማንን ድርሻ እንገዛለን?

ቤት መግዛት በአንድ ቤተሰብ ዕድሜ ምናልባት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሆን ታላቅ ነገር ነው። የብዙ ዓመት ዕቁብ፣ የባለቤት ወርቅ፣ ከዘመድ የተበደሩት ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቀን ፊርማ ከእጅ ይወጣል። ስለዚህ ገዢ የሆነ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው «ገንዘቤ እንዳይበላ» ብሎ ነው፤ ይህም ተገቢ ጭንቀት ነው። ነገር ግን የቤቱን ታሪክ ከሥሩ መመርመር የሚያስፈልገው ለገንዘባችን ብለን ብቻ ሳይሆን፣ በቦታው የሌለ ሰው ድርሻ በእጃችን እንዳይገባ ጭምር መሆኑን እኛ የተማርነው ዘግይተን ነው። እንዴት እንደ ተማርነውም ለሌላው ቤተሰብ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እንጽፈዋለን።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት በኪራይ ቤት ኖረን፣ የኪራዩ ጭማሪ ከደመወዛችን ቀድሞ ሲሮጥ አይተን፣ ምንም ትንሽ ቢሆን የራሳችን የሆነ ቤት እንፈልግ ጀመር። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ ባልራቀ ሰፈር፣ በ160 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የተሠራ የጭቃ ቤት ከነሰርቪስ ቤቱ እንደሚሸጥ ሰማንና ሄደን አየነው። ግድግዳው አርጅቷል፤ ጣሪያው ግን ጠንካራ ነው፤ በግቢው ውስጥም አንድ የኮክ ዛፍ ነበረ። ባለቤታችን ዛፉን ባየች ጊዜ ቤቱን በልብዋ ገዛችው።

ደላላው ይህን ከፊትዋ አንብቦ ኖሮ «መምህር፣ ዛሬ ቀብድ ካልሰጡ ነገ ሌላ ገዢ ይወስድብዎታል» አለን። እኛም ልንሰጥ ጥቂት ቀርቶን ነበር። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደ ተጻፈው፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ቢመለስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለውም ቢመለስ ዕጥፍ አድርጎ ይከፍላል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላልና አስቀድመን ወረቀቱን እንይ ብለን ለመንነው።

በአዲስ አበባ የአንድ ቤት ታሪክ የአገሩን ታሪክ ይዞ ይገኛል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ ስለ ከተማዋ መሬት ደንብ ወጥቶ ሰው የቦታውን ባለቤትነት በሰነድ ይይዝ ጀመር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ደግሞ የከተማን ቦታ ሁሉ የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ ለመኖሪያ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ትርፍ የተባሉ ቤቶችም ተወረሱ። በ1986 ዓ.ም. የሊዝ ሥርዓት ተጀመረ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደነገገ። ከዚያም በ2004 ዓ.ም. ስለ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721፣ በ2006 ዓ.ም. ስለ ከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ወጡ። እንግዲህ «ቤት ገዛሁ» የሚል ሰው የገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀምን መብት እንጂ አፈሩን አይደለም። እንደ ኮልፌ ቀራንዮ ባለው የከተማ ዳርቻ ደግሞ ትናንት የገበሬ ማሳ የነበረው ዛሬ ሰፈር ስለ ሆነ፣ ሰነድ ያለውና ሰነድ አልባ የሆነው ይዞታ በአንድ አጥር ተጐራብተው ይገኛሉ። ለዚህ ነው ቤቱ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ መጠየቅ ግድ የሚሆነው።

የእኛ ቤት ታሪክ በወረቀት ሲታይ ጥሩ ነበረ። አባትየው በ1974 ዓ.ም. ቦታውን ከማዘጋጃ ቤት ተመርተው በገንዘባቸው ሠርተውታል፤ ካርታውም በስማቸው ነው። ከሻጮቹ ጋር ወደ ክፍለ ከተማው ሄደን ማኅደሩ ሲገለጥ አየን። ካርታው በማኅደሩ ካለው ቅጅ ጋር አንድ ነው፤ የባንክ መያዣ የለበትም፤ የፍርድ ቤት እግድ የለበትም፤ የየዓመቱ ግብር ደረሰኝም ተሟልቷል። እናትየው ከባላቸው አስቀድመው ዐርፈዋል። ፍርድ ቤት የሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ሁለት ወንዶችንና አንዲት ሴትን ይጠራል፤ ሦስቱም በሕይወት አሉ፤ ሦስቱም ለመፈረም ዝግጁ ናቸው። ጠበቃ የሆነ ወዳጃችን ሁሉንም አገላብጦ አየና «ነውር የለበትም» አለን።

በዚያ ቀን ማታ ግን አንድ የልጅነት ትምህርት ትዝ አለን። ዲቁና በምንማርበት ደብር የኔታ አንድ ቀን የብራና ወንጌል ከፍተው በመጨረሻው ቅጠል ላይ የተጻፈ የመሬት ነገር አስነብበውን ነበር። ገዢው እገሌ፣ ሻጩ እገሌ፣ ዋጋው ይህን ያህል፣ ምስክሮቹ እነ እገሌ ይላል። የኔታም «ልጆቼ፣ ዋጋውን ትታችሁ ምስክሮቹን ቍጠሩ፤ መሬት የሚጸናው በምስክር ነው» አሉን። ይህ የእኛ ደብር ልማድ ብቻ አልነበረም። በጎንደር ዘመን በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ቅጠልና ኅዳግ ላይ የመሬት ሽያጭ ከወርቁ ወቄት፣ ከዳኞቹና ከምስክሮቹ ስም ጋር ይመዘገብ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት መካከል እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያለባቸው ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። አባቶቻችን የመሬትን ነገር በወንጌል ላይ የጻፉት፣ ወንጌል ተጠብቆ የሚኖር መጽሐፍ ስለ ሆነና በፊቱ ሐሰት መናገር የሚያስፈራ ስለ ሆነ ነው።

እኛም ወረቀቱን እንጂ ምስክሮቹን አልቈጠርንም ብለን፣ በማግሥቱ ወደ ሰፈሩ ዕድር ዳኛ ሄድን። ሽማግሌው በደጃቸው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቤቱን ልንገዛ ማሰባችንን ነገርናቸውና ስለ ቤተሰቡ ጠየቅናቸው። «ደግ ሰው ነበሩ፤ አራት ልጆች አሳድገዋል» አሉን። «አባቴ፣ ሦስት አይደሉም እንዴ?» አልን። ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ተነሡና የዕድሩን መዝገብ አወጡ። ከሟቹ ስም በታች የቤተሰቡ አባላት ተራ በተራ ተጽፈዋል፤ ልጆቹ አራት ናቸው። ሦስተኛዋ ሴት ልጅ በማስረጃው ላይ የለችም።

«ይህች ልጅ ዐርፋ ይሆን?» ብለን ጠየቅናቸው። «ኧረ በሕይወት አለች፤ ቤይሩት ናት፤ በሰው ቤት ትሠራለች። ይህን ያዩትን ጣሪያ በአዲስ ቆርቆሮ ያለበሰችው እርስዋ ናት፤ ሰርቪስ ቤቱንም ያሠራችው በላከችው ገንዘብ ነው። ከወንድምዋ ጋር ከተቀያየሙ ወዲህ ግን ድምፅዋ ጠፋ» አሉን።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን እውነቱን መናገር ይገባናል። ከሽማግሌው ደጅ ስንመለስ በልባችን የመጣው «ባልጠየቅን ኖሮ!» የሚል ነበረ። ሦስት ሌሊትም ከራሳችን ጋር ተሟገትን። ማስረጃውን የሰጠው ፍርድ ቤት ነው፤ ኀጢአት ካለ የወንድሞችዋ ነው፤ እርስዋም በሩቅ አገር ናት፤ ማን ይከሳል? እንል ነበር። በሌላ ወገን ደግሞ ሕጉን እናውቃለን። ልጆች ወንድ ሴት ሳይባል እኩል ይወርሳሉ፤ የተዘለለ ወራሽም መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መሆኑን ካወቀ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመት ክስ ማቅረብ ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አላስተኛንም፤ እስከ ትናንት ድረስ ቅን ገዢዎች ነበርን፤ ከሰማን በኋላ ግን አይደለንም።

በወሩ በ27፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ለማስቀደስ ወደ ቀራንዮ ሄድን። የክፍለ ከተማው ስም ግማሹ የተወሰደው ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ደግሞ ጌታችን ከተሰቀለበት ስፍራ ነው። በዚያ ስፍራ ጭፍሮቹ የተሰቀለውን ልብስ በፊቱ ተካፍለዋል፤ እርሱ በዐይኑ እያየ ዕጣ ተጣጥለዋል። ባለቤታችን ከቅዳሴ በኋላ በመንገድ ላይ፣ እኛ ምንም ሳንናገር፣ «ልጆቻችንን በዚያ ጣሪያ ሥር አስተኝተን፣ ጣሪያው የማነው ብለው ቢጠይቁን ምን እንመልስላቸዋለን?» አለችን። የኮክ ዛፉን ከሁሉ ይልቅ የወደደች እርስዋ ነበረች፤ ሙግታችንም በዚያ አለቀ።

በመጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 4 እንደምናነበው፣ ቦዔዝ የአቤሜሌክን ርስት ለመቤዠት በፈለገ ጊዜ ከእርሱ ይልቅ የሚቀርብ ዘመድ እንዳለ ያውቅ ነበር። ዘመድየው እስኪርቅ አልጠበቀም፤ በከተማው በር ተቀምጦ፣ ዐሥር ሽማግሎች ባሉበት፣ ጠርቶ ጠየቀው። ዘመድየው መብቱን በአደባባይ ከተወ በኋላ ብቻ ቦዔዝ ገዛ። እኛም በዕድሩ ዳኛ ቤት ሽማግሎች ባሉበት ሦስቱን ልጆች አስጠራናቸው።

ታላቅየው ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። «መምህር፣ ቤት ሊገዙ መጡ ወይስ ዘር ሊቈጥሩ?» አለን። «ሁለቱ አንድ ሆነብን» አልነው። ጥቂት ከተናደደ በኋላ ግን አንገቱን ደፋና የተናገረው ቃል ፍርዳችንን አለዘበው። «እርስዋ ገንዘብ ላከች፤ እውነት ነው። አባቴን ስድስት ዓመት ከአልጋ ያነሣሁና ያጠብሁ ግን እኔ ነኝ። ያን ጊዜ የት ነበረች?» አለ። አንባብያን ሆይ፤ ሰው የወንድሙን ድርሻ የሚዘልለው ሁልጊዜ በስስት አይደለም፤ ያልተከፈለ ድካምም ወደዚህ ይወስዳል። ሽማግሎቹም ይህን ተረድተው፣ ስልክዋን ከአንዲት ጐረቤት አግኝተው ደወሉላት።

እርስዋ ስለ ቤቱ አስቀድማ አልጠየቀችም። የመጀመሪያ ቃልዋ «አባቴን ማን ቀበረው?» የሚል ነበረ። ወንድምዋ ስልኩን ተቀብሎ ወደ ጓሮ ወጣ፤ ምን እንደ ተነጋገሩ አናውቅም፤ ሲመለስ ግን ዐይኑ ቀልቶ ነበር። በኋላም አራቱም ተስማምተው፣ ታላቅየው በአባታቸው ሕመም ያወጣው ወጪ አስቀድሞ እንዲነሣለት፣ የቀረው በአራት እኩል እንዲከፈል ሽማግሎቹ ወሰኑ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀላል አልነበረም። የወራሽነት ማስረጃው ታርሞ አራተኛዋ እንድትገባበት ለፍርድ ቤት አመለከቱ። እርስዋም በቤይሩት ካለው የኢትዮጵያ ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ለታናሽ እኅትዋ ውክልና ላከች፤ ውክልናው በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ተቀባይነት እስኪያገኝ ድረስ አራት ወር አለፈ። ደላላው ተቈጥቶ ሌላ ገዢ አመጣ፤ የቤት ዋጋም በዚያ መካከል ጨመረ። ሻጮቹ እኛን አልተዉንም፤ ዋጋውን ግን ጥቂት ከፍ አደረጉብን፤ እኛም ከመምህራን የቍጠባና ብድር ማኅበር ተበድረን ሞላን። ያ ብድር ብዙ ዓመት ከደመወዛችን ሲቈረጥ ኖሯል። እውነት ያለ ዋጋ የሚገኝ ይመስላችሁ እንደ ሆነ እንዳትታለሉ ይህን እንጽፋለን።

ከዚህ ሥራ የተማርነውን፣ ቤት ለመግዛት ላሰበ ቤተሰብ ሁሉ በአጭሩ እንናገር።

አንደኛ፤ ካርታ ብቻውን አይበቃም። የባለቤትነት ማስረጃ በእጁ ያለ ሰው ባለቤት ነው ተብሎ ይገመታል፤ ግምቱ ግን በሌላ ማስረጃ ሊፈርስ እንደሚችል የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ከባለ ይዞታው ጋር ወደ ክፍለ ከተማው ሄዳችሁ ስሙን፣ የቦታውን ስፋትና ወሰኑን ከማኅደሩ ጋር አስተያዩ፤ ይዞታው ነባር ነው ወይስ የሊዝ፣ የሊዝ ከሆነም ምን ያህል ቀሪ ክፍያ አለበት ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፤ ቤቱ ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ ተረዱ። ባንክ በመያዣ የያዘው ቤት ባለቤቱ ቢለወጥም ዕዳው ከቤቱ ጋር ይኖራል።

ሦስተኛ፤ ሻጩ ባለ ትዳር እንደ ሆነ የባለቤቱን ፊርማ አትዝለሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ያዝዛል። ያልተጠየቀው ወገን ነገሩን ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢዘገይም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል።

አራተኛ፤ የሚሸጥላችሁ ወኪል ከሆነ የውክልናውን ቃል አንብቡ። ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ መሸጥ እንደሚችል ተለይቶ መጻፍ አለበት። ወካዩ በሕይወት መኖሩንና ውክልናውን አለመሻሩንም አረጋግጡ፤ ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮት ይሞታልና።

አምስተኛ፤ የውርስ ቤት ከሆነ የፍርድ ቤቱን ማስረጃ ከዕድሩ መዝገብና ከጐረቤት ቃል ጋር አስተያዩ። «ስንት ልጆች ነበሩ?» የሚለው ጥያቄ ገንዘብ አያስከፍልም፤ ከብዙ ዓመት ክርክር ግን ያድናል።

ስድስተኛ፤ ቦታው በከተማው ፕላን ለመንገድ ወይም ለልማት የታሰበ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ በተደረገው የኮሪደር ልማት ብዙ ቤቶች ተነሥተዋልና፣ ይህ ጥያቄ ከቀድሞው ይልቅ አስፈላጊ ሆኗል።

ሰባተኛ፤ የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ፊት ይፈረም፤ ከዚያም ሳትዘገዩ ስሙን በይዞታ መዝገብ አስለውጡ። በቤት ውስጥ በሁለት ምስክር በተጻፈ ወረቀት ሙሉ ገንዘብ መስጠት ከብዙዎች ቤት ልቅሶ አስገብቷል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳልና።

ይህን ሁሉ መጠየቅ ሻጩን መጠርጠር ይመስለን ይሆናል። በአገራችን ይሉኝታ ብርቱ ነው፤ «ሰውን ሌባ ማድረግ ነው» ብለን የምናፍር ብዙዎች ነን። ዳሩ ግን ቅን ሻጭ መጠየቅን አይጠላም፤ ቤቱ ያለ ነቀፋ እንዲተላለፍ እርሱም ይሻልና። ጥያቄያችንም በቦታው ላለው ሰው ብቻ የሚቀርብ አይደለም፤ ለሞተው፣ ለራቀውና መናገር ለማይችለው ሰው ጭምር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ነው።

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ፣ ቀጥሎም የቤይሩት ወደብ በፍንዳታ ሲናወጥ፣ ብዙ እኅቶቻችን ባዶ እጃቸውን ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2013 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት ሰሞን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ታላቅ ወንድምዋና እርስዋ ነበሩ። «ይቅርታ፣ ጣሪያውን ብቻ ላየው ፈልጌ ነው» አለች። አስገባናት፤ ባለቤታችን ቡና አቀረበች፤ ወንድምዋም የቡናውን ስኒ በሁለት እጁ ተቀብሎ ለእኅቱ አሳለፈላት። እርስዋ ከኮክ ዛፉ ሥር ቆማ ቀና ብላ ስትቈጥር ቆየች።

«አርባ ስምንት ቆርቆሮ ነበረ፤ በልኬ አስገዝቼው ነው» አለችን።

«ቍጠሪው፤ አንድም አልጐደለም» አልናት።

እግዚአብሔር አምላክ የሁላችሁንም ቤት ይባርክ፤ አሜን።